ጸሎት በሱስ ሕክምና ደጃፍ

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሱስ የያዘው ሰው ወደ ሕክምና ተቋም ከመግባቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ በጸሎት ስፍራ ደጃፍ ያልፋል። ቤተሰቡ ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ የንስሐ አባቱ ይማከራሉ፣ ጸበል ይጠመቃል፣ ስለት ይሳልለታል፤ ወንጌላዊ ከሆነም ሽማግሌዎች እጅ ይጭኑበታል፣ የጸሎት ቡድን ይጾምለታል። ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተሞከረና በየመካከሉ የታየው መሻሻል ደጋግሞ ከፈረሰ በኋላ በመሆኑ፣ የሆስፒታሉን በር ሲያልፍ ከሕመሙ ሌላ «ጸሎቱ ያልሰመረልኝ እምነት ስለሌለኝ ነው» የሚል ከባድ ፍርድ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይገባል። ቤተሰቡም ሕክምናውን የጸሎቱ መሸነፊያ አድርጎ ሲያይ፣ ታማሚው መጽናናትን እጅግ በሚፈልግበት ሰዓት ጸሎቱ ይቋረጥበታል። ሊሆን የሚገባው ግን ጸሎቱ ከታማሚው ጋር አብሮ ገብቶ የሕክምናውን ቀንና ሌሊት ሰዓት በሰዓት እንዲከተል ነው፤ ይህ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በሕክምና ዕውቀትም የሚደገፍ መንገድ ነው።

ሱስ ማለት ጉዳቱ እየታወቀ፣ ለማቆምም እየተፈለገ፣ አንድን ንጥረ ነገር ከመጠቀም መታቀብ አለመቻል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባው ውስጥ ከአእምሮና ከጠባይ ሕመሞች ጋር ያሰፈረው ሲሆን፣ ይህ አመዳደብ ሰውየውን ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም፤ ፈቃድ የሚሠራበት አካል ራሱ መታመሙን ግን ያስረዳል። አንጎል አስደሳች ነገሮችን ለይቶ የሚመዘግበው ዶፓሚን በተባለ ኬሚካል አማካይነት ነው፤ አልኮል፣ ጫት፣ ትራማዶልና መሰሎቻቸው ይህን ኬሚካል ከተፈጥሮ ልኩ በላይ ደጋግመው ሲያፈስሱት አንጎል ምላሹን እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ምግብ፣ የልጅ ጨዋታ፣ የወዳጅ ወሬ፣ ለአማኙም ቅዳሴውና መዝሙሩ ጭምር ጣዕም ያጣሉ። ብዙ ታማሚዎች «መጸለይ አቃተኝ፤ ልቤ ደነደነ» ሲሉ የሚገልጹት ድርቀት በከፊል ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ የንስሐ አባትም ድርቀቱን በኃጢአት ላይ ኃጢአት አድርጎ ከመቁጠር ይድናል። በኢትዮጵያ ከተሞች ደግሞ አንዱ ሱስ ሌላውን እየጠራ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ምርቃና የሚባለውን የስሜት ከፍታ ከፈጠረ በኋላ፣ ያን ከፍታ ለማብረድ ሲመሽ የሚጠጣው አልኮል ጨብሲ ይባላል፤ ስለዚህ በጫት ምክንያት ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው ሳያስበው የመጠጥም ታማሚ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጸሎትና መድኃኒት ይጣላሉ ብሎ ለሚሰጋ ምእመን፣ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ግልጽ መልስ አለው። ምዕራፉ በቅድሚያ ሐኪም በእግዚአብሔር የተሾመ ስለሆነ እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከምድር የተገኘ የእግዚአብሔር ሥራ ስለሆነ አስተዋይ ሰው እንዳይንቀው ያዛል፤ ቀጥሎ የታመመው ሰው ሳይዘገይ እንዲጸልይና ልቡን ከበደል እንዲያነጻ ይመክራል፤ ከዚያም ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ታማሚው ከእርሱ እንዳይርቅ ያሳስባል፤ ሐኪሞች ራሳቸውም ሥራቸው እንዲቃናላቸው የሚጸልዩ መሆናቸውን ይጨምራል። የትምህርቱ ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባል፤ ጸሎቱ በሁለት የሐኪም ምክሮች መካከል የተቀመጠ ነው፣ ማንኛቸውም ሌላውን አያስወጡም። መጽሐፈ ሲራክን በቀኖናቸው ለማይቆጥሩት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አማኞችም ቢሆን፣ ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ በቆላስይስ መልእክት ባለመድኃኒት ተብሎ መጠራቱና ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በዘይትና በወይን ካከመ በኋላ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ለማስታመሚያው ሁለት ዲናር መክፈሉ ያንኑ ያስተምራሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራና ዘይት እየቀቡ እንዲጸልዩለት ያዘዘውን መሠረት በማድረግ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነውን ምሥጢረ ቀንዲልን፣ ማለትም ለሕሙማን በተጸለየበት ዘይት የሚፈጸመውን ቅብዓት፣ ታከናውናለች። ይህ ምሥጢር ለሞት ለቀረበ ሰው ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሱስ ሕመም ከሆነም ሕመምተኛው ካህናቱን ለመጥራት ማፈር የለበትም።

ይህ ትምህርት በተግባር የተፈተነበት የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለ። በአዲስ አበባው የእንጦጦ ተራራ የጸበል ስፍራ ጎሕ ሳይቀድ ነጠላቸውን ያጣፉ ሰዎች በብርድ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አጥማቂው ካህን መስቀሉን ይዞ ጸበሉን ሲረጭ የሚጮህ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው የሚሰጥም አለ፤ ብዙዎቹም በአካባቢው ለሳምንታትና ለወራት ተከራይተው የሚቀመጡ ናቸው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረባቸው ዓመታት፣ ጸበል ከጀመሩ በኋላ መድኃኒቱን መውሰድ እምነትን እንደ መጠራጠር የሚቆጠርባቸው ታማሚዎች ጥቂት አልነበሩም። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ለብዙዎች የሕሊና ዕረፍት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያው በእንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተቀናጅተው የሠሩበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጧል፤ በዚህ አሠራር ታማሚው ጸበሉን ሳይተው የሐኪም ምርመራና መድኃኒት ያገኛል። ለኤችአይቪና ለአእምሮ ሕመም የተከፈተው በር ለሱስም የማይከፈትበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም በአንድ ረገድ ለሱስ የበለጠ አስፈላጊ ነው።

ይህም መጠጥን በድንገት ማቆም ሊገድል የሚችል በመሆኑ ነው። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያረጋጋውን ኬሚካል ያግዛል፣ የሚያነቃቃውን ያፍናል፤ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ራሱን በተቃራኒው አጠንክሮ ስለሚኖር፣ መጠጡ በአንድ ጊዜ ሲቀር ያለ ልጓም ይነቃል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ባሉት ሰዓታት የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ራስን ስቶ በመንፈራገጥ መውደቅ ሊከተል ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ዴሊሪየም ትሪመንስ የተባለው አጣዳፊ የአእምሮ መቃወስ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ያለበትን ቦታና ጊዜ አያውቅም፣ በግድግዳው ላይ ነፍሳትና እባቦች ሲርመሰመሱ ያያል፣ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ይነጋገራል፣ ይጮኻል፣ ሊያመልጥም ይታገላል።

የሃይማኖት ሰው በዚህ ጊዜ የሚያየው ምልክት ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው ምልክት ይመስለዋል፤ ታማሚውም «አየሁ» የሚለው ይህንኑ ያጸናለታል። ከባዱ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጩኸቱ የጋኔን መውጫ ተደርጎ ሲተረጎም፣ አንዳንድ ጊዜም ታማሚው በሰንሰለት ሲታሰር፣ እንደ ዳያዚፓም ባሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ሊታከም የሚችል አደጋ ወደ ሞት ሊያመራ ይችላል። ስለ አጋንንት የሚያስተምረውን ትምህርት መተው ሳያስፈልግ፣ በየጸበል ቦታውና በየነጻ ማውጣት አገልግሎቱ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ እንዲጠየቅ ማድረግ ሕይወት ያድናል፤ ጥያቄውም ይህ ሰው በየቀኑ ይጠጣ ነበር ወይ፣ ከሆነስ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው የሚል ነው። መልሱ ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በፊት መሆኑን ካመለከተና መንቀጥቀጡና መቃዠቱ ከታየ፣ ታማሚው ብቻውን ወደ ውሃ እንዲገባ ሳይደረግ፣ ካህኑ እየጸለየለት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የጫት ታማሚ በአንጻሩ ሲያቆም ድካም፣ ድብታ፣ የስሜት መውደቅና ዱካክ የሚባለው አስጨናቂ ቅዠት ያስቸግሩት እንጂ እንደ አልኮሉ ለድንገተኛ ሞት ብዙም አይጋለጥም።

ወደ ሆስፒታል ከመግቢያው በፊት ያሉት ቀናት የራሳቸው ጸሎት ይፈልጋሉ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል፤ በዚህ ዕለት የሚታሰበው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው በሽተኛ ሲሆን፣ ጌታ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ልትድን ትወዳለህን ብሎ ነው፤ የበሽተኛው ምላሽም ወደ ውሃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም የሚል ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሱስ ታማሚ የሚስማሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፈቃዱ መጠየቁ ነው፤ ታማሚው ተታልሎ ወይም ተጎትቶ የሚገባበት ሕክምና ፍሬው አነስተኛ ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ጸሎት ፈቃዱ እንዲበረታ እንጂ እንዲሰበር መሆን የለበትም። ሁለተኛው ሰው የማጣቱ ነገር ነው፤ ቀጠሮ የሚይዝለት፣ ወረፋ የሚጠብቅለት፣ ልጆቹን የሚያይለት ሰው ማግኘቱ የጸሎቱ ግማሽ መልስ ነው። ንስሐም በዚህ ወቅት የተለየ ጥቅም አለው። የመጠጡን ልክ፣ የተደበቁትን ጠርሙሶች፣ የተቀላቀሉትን ክኒኖች ለንስሐ አባቱ በእውነት የተናዘዘ ሰው፣ በማግስቱ ሐኪሙ ያንኑ ሲጠይቀው መደበቅ አይቀናውም፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠን የሚለካው በዚያ መልስ ነው።

የመግቢያው ዕለት ማለዳ በአብዛኛው ጸጥታ የሞላበት ነው። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ እናት ውዳሴ ማርያሟን ይዛ፣ ወንድም ሻንጣውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ ታማሚው እጁን በኪሱ ከትቶ ይቀመጣሉ፤ ነርሷ ስም ትመዘግባለች፣ ሻንጣ ትፈትሻለች፣ የደም ግፊት ትለካለች። በዚህ ሰዓት የሚነገር ረጅም ምክር ወደ ጆሮ አይገባም። «እዚህ ነን፤ እሑድ እንመጣለን» የሚል አጭር ቃል፣ ግንባር ላይ የሚደረግ መስቀል፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃል። በማኅበረ ምእመናን ፊት እንዲጸለይለት የሚፈልግ ቤተሰብ ምስጢሩ እንዳይወጣ ቢሰጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የሚመች ጥንታዊ ልማድ አላት። ጸሎት የሚደረገው በክርስትና ስም በመሆኑ፣ ካህኑ ወልደ ሚካኤልን ወይም ወለተ ማርያምን ብሎ ሲያሳስብ የሰፈሩ ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ አሜን ይላል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ስሙን ሳይጠሩ «አንድ ወንድማችን ታሟል» ብሎ ማሳሰብ ይቻላል፤ ሱሱን በመድረክ ላይ መዘርዘር ግን ታማሚውን ከመርዳት ይልቅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

የሚከብዱት ሌሊቶቹ ናቸው። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ተብለው የተሠሩት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ሃያ አራቱን ሰዓት የሚከፋፍሉ በመሆናቸው፣ የሱስ ታማሚ የሚፈራውን ረጅም ጊዜ ወደ አጫጭር ጊዜያት ይሰብሩለታል፤ ከሠርክ እስከ ንዋም መቆየት ለዘላለም ሳይጠጡ ከመኖር ሐሳብ ይልቅ የሚቻል ነገር ነው። አእምሮው የተበታተነ ሰው መዝሙረ ዳዊትን በሙሉ እንዲደግም ወይም ስግደት እንዲቆጥር መጠበቅ አግባብ አይደለም፤ ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለዚያ ሰዓት ሙሉ ጸሎት ነው። የልቅሶ መዝሙርም ይፈቀዳል፤ በግእዙ አቆጣጠር 87ኛው መዝሙር እስከ መጨረሻው ድረስ ከጨለማ የማይወጣ ጸሎት ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ መካተቱ ራሱ ተስፋው የጠፋበት ሰው እንዲህም አድርጎ መጸለይ እንደሚችል ያሳያል። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ነፍሱ እንድትወሰድ በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ ያመጣለት ወቀሳ ወይም ትምህርት አልነበረም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። መሞትን የሚመኝ ታማሚ ይህን ስሜቱን ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ወዲያው ሊናገር ይገባል፤ መናገሩ የእምነት ጉድለት ተደርጎ አይቆጠርም፣ ኤልያስም ተናግሮታልና።

በእነዚህ ሌሊቶች ቤተሰቡ በቤቱ ሆኖ በዚህ መልክ ሊጸልይ ይችላል፤ «አቤቱ አምላካችን ሆይ፣ ይህን ልጅህን በዚህች ሌሊት ጠብቀው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያዘው፣ እንቅልፍ ሲርቀው አጠገቡ ሁን፤ የነገውን ሳይሆን የዛሬውን ብቻ አሸክመው። ለሐኪሞቹ ማስተዋልን፣ ለአስታማሚዎቹ ትዕግሥትን ስጥ። ስለ ራሱ እውነቱን እንዲናገር አንደበቱን ክፈት፤ ጥሎ ሊወጣ ሲነሣ እግሩን አጽና፤ ቢወድቅም የሚመለስበትን መንገድ አትዝጋበት፤ እኛንም ከቁጣና ከመሰልቸት አድነን። አሜን።»

ስለ ጾም የሚነሣው ጥያቄ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ታማሚዎች ንስሐ ገብተው በዚያው ሳምንት ጾም ይጀምራሉ። ለረጅም ጊዜ አልኮል የጠጣ ሰው ታያሚን፣ በሌላ ስሙ ቫይታሚን ቢ1፣ የተባለውን ንጥረ ነገር በእጅጉ ያጣል፤ ይህ ጉድለት ሳይታከም ሲቀር ዓይንን፣ አካሄድንና ትውስታን የሚጎዳ፣ አንዳንዴም የማይመለስ የአንጎል ጉዳት ያመጣል። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታያሚንን በመርፌ የሚሰጡትና ታማሚው በደንብ እንዲመገብ የሚያሳስቡት ስለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ከጾም ስለምታሳርፍ፣ የንስሐ አባቱ «ለጊዜው ብላ» የሚለውን ቃል በግልጽ መስጠት ይገባዋል፤ ይህን ቃል ከሐኪም ብቻ የሰማ ታማሚ ሕሊናው ላያርፍ ይችላል። በተመሳሳይ ለቊርባን ለሚሰጋ የመጠጥ ታማሚ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚዘጋጀው ወይን ከዘቢብ የሚወጣ፣ እንደ መጠጥ ያልፈላ መሆኑን ማስረዳት ትልቅ ዕረፍት ይሰጠዋል።

ጸሎትና ሆስፒታል አንድ ጣሪያ ሥር የሠሩበት ታላቅ ምሳሌ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 በዚህች ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሁለቱም የመጠጥ ታማሚዎች፣ ተገናኝተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ፤ የማኅበሩ ሥርዓት መናዘዝን፣ የበደሉትን መካስንና ጸሎትን የወረሰው የኦክስፎርድ ቡድን ከሚባለው ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ ነበር። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሎች ሰካራም ማስተኛት ስለማይፈልጉ፣ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመግቢያ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ካቶሊካዊት መነኩሲት ሲስተር ኢግናሺያ እ.ኤ.አ. በ1939 የመጀመሪያውን ታማሚ የተቀበሉት የጨጓራ ሕመም በሚል ምርመራ አስመዝግበው ነበር። ታማሚው ድኖ ሲወጣ የቅዱስ ልብ ምስል ያለበት ትንሽ ሜዳልያ ይሰጡትና፣ ዳግመኛ ለመጠጣት ቢወስን ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት መጥቶ እንዲመልስላቸው ቃል ያስገቡት ነበር። ይህ አሠራር መድኃኒቱን፣ የባልንጀራን ድጋፍና ጸሎትን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎች ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ታማሚዎችን ከዚህ ማኅበር ጋር በሥርዓት የሚያገናኙ ሕክምናዎች ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ደምድሟል።

ማገርሸት፣ ማለትም ካቆሙ በኋላ መመለስ፣ የሱስ ሕመም አንዱ ጠባይ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሱስ ጥናት ተቋም ከታከሙት መካከል ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስና ይህም እንደ ደም ግፊትና አስም ካሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞች የተለየ እንዳልሆነ ይገልጻል። ስለዚህ «አሁን ተፈውሰሃል፤ ክኒኑን ጣል» የሚል ምስክርነት ያልበሰለ ነው። በተለይ ትራማዶል፣ ሞርፊን ወይም ሄሮይን የለመደ ሰው ካቆመ በኋላ አካሉ የቀድሞውን መጠን የመሸከም አቅም ስለሚያጣ፣ አንድ ቀን ተፈትኖ የድሮውን ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ቆሞ ሊሞት ይችላል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ እንደነዚህ ላሉ ታማሚዎች የሚታዘዘው ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የተባለ መድኃኒት «ሱስን በሱስ መተካት» ተብሎ በየጉባኤው መነቀፉም ሰው ያስገድላል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ሦስት ጊዜ መጠየቁና በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ መቀበሉ፣ የወደቀ ሰው ሲመለስ ሥራም ክብርም ሊሰጠው እንደሚገባ ያስተምራል።

ከሆስፒታል የወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈተነው በወዳጆቹ ቤት ነው። በየወሩ በቅዱሳን ስም የሚጠጣው ጽዋ፣ ሰንበቴው፣ ዝክሩ፣ ክርስትናው፣ ሁሉም ጠላና አረቄ የሚቀርብባቸው ናቸው፤ «ለታቦቱ ስትል ቅመስ» የሚለውን ግብዣ እምቢ ማለት ለታማሚው ከሆስፒታሉ ሌሊት ይከብደዋል። የንስሐ አባቶችና የማኅበር ሙሴዎች ይህን ማስተካከል በእጃቸው ነው፤ ታማሚው በተመለሰበት ወር ጽዋው በቃሪቦ ወይም ባልፈላ ብርዝ ይሁንለት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይቀዳ፣ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀው።